«ተስማምታችኋል?» ሲሏችሁ፦ ውርስ ይዛችሁ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት

አባቴ ሲሞት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጣና ዳር ዓሣ እየተረከበ ይነግድ ነበር። ቆሮሶውን ለሆቴሎች ያደርሳል፤ የተረፈውን እናቴ ትጠብሳለች። ሁለቱ አብረው ለፍተው ባሕር ዳር ላይ አንዲት ሱቅ ሠሩ። ካርታው በአባቴ ስም ወጣ። እኛ ሁለት ሴቶች ነን፤ ወንድም የለንም።

ለቅሶው ሳይበርድ አጎቴ እናቴን ይዟት ፍርድ ቤት ሄደ። ቃዲው ጠየቁ፦ «ተስማምታችኋል?» እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ተስማምተናል» አለች። ከባሏ ወንድም ጋር ሰላም ናችሁ ወይ የተባለች መስሏት ነበር። ጸሐፊው መዘገበ። ወረቀት ቀረበላት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ከወር በኋላ ያንን ወረቀት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ጉዳዩ በሸሪዓ ሕግ እንዲታይ ፈቅጃለሁ» ይላል። እናቴ ዝም ብላ ጣቷን አየችው። ቀለሙ ከለቀቀ ቆይቷል፤ እሷ ግን አሁንም ያለ ይመስል ታሸው ነበር።

የት ፍርድ ቤት እንደነበር አልጽፍም። ቃዲው ጠይቀዋል፣ ጸሐፊው መዝግቧል። አጎቴም የወሰደው በሸሪዓ የሚገባውን ነው። የሚያንገበግበኝ እናቴ የተጠየቀችውን ሳታውቅ መመለሷ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ሰው ራፖር ጸሐፊ የሚለን ነን። በዚህ ሥራ 19 ዓመት ሆነኝ። ሙስሊም ነኝ፣ የሸሪዓ ውርስ ስሌትን እንደ ዕውቀት እወደዋለሁ። ሰው ግን አውቆ ይግባበት እላለሁ። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ጋ ለሚቀመጥ ሁሉ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ በሩ በምን እንደሚከፈት እወቁ። በሩ የሚከፈተው በፈቃድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። አንቀጽ 78 ደግሞ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ዕውቅና እንዲያገኙ መንገድ ይከፍታል። በዚህ መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናከሩ። የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው ሦስት እርከን አላቸው። የእኛ ክልል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በክልሉ አዋጅ የተቋቋሙ ናቸው።

የሚያዩት ጉዳይ የታወቀ ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች አሳዳጊነት፣ ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታ፣ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ በቋሚነት የተሰጠ ንብረት)። በውርስ ከሆነ ሟቹ ሲሞት ሙስሊም መሆን አለበት። ወንጀል አያዩም። ባሏ የደበደባት ሴት ጠረጴዛዬ ጋ ስትመጣ ወደ ፖሊስ ነው የምልካት። ልጃገረድ ያለዕድሜዋ ልትዳር ነው የሚል ሰው ሲመጣም እንደዚያው፤ ያ በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነው።

ፈቃድ የሚለው ቃል የወረቀት ማሟያ እንዳይመስላችሁ። በ1996 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድ የውርስ ጉዳይ አየ። አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተከስሳ ከመጀመሪያው «አልፈቅድም» ብላለች። የሸሪዓው ፍርድ ቤት ግን ነገሩን ይዞ ቀጠለ። እሷም በይግባኝ እስከ ላይ ወጣች፣ ሰበር ችሎትም ደረሰች፣ አልተሳካላትም። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ያለፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ያቺ ሴት «አልፈቅድም» ያለችው በመጀመሪያው ቀን ስለነበር ነው የዳነችው። እናቴ ያጣችው እሱን አንድ ቀን ነው።

ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ መጥሪያ ደርሷችሁ ዝም አትበሉ። በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። ካልፈለጋችሁ ቀርባችሁ ተናገሩ። ያኔ ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ አንዴ ከፈቀዳችሁ በኋላ ክርክሩ ሲከፋባችሁ «ወደ መደበኛው ውሰዱልኝ» ማለት አይሠራም።

እንግዲህ ከመፍቀዳችሁ በፊት ስሌቱን ቤታችሁ ሥሩት። እኔ በሽምብራ ነው የማስተምረው። ካልኩሌተር ያለው ሰው እንኳ በሽምብራ ሲያየው ነው የሚገባው።

24 ሽምብራ ቁጠሩ። ለምን 24? ለሚስት ስምንተኛ፣ ለእናት ስድስተኛ አለ። ሁለቱንም ሳይሰበር የሚያወጣው ትንሹ ቁጥር 24 ነው። አሁን ሟቹ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል እንበል። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 11 እና 12 ላይ ድርሻውን ቆርጦ አስቀምጧል። ሟች ልጅ ካለው ሚስት ስምንተኛ ታገኛለች፤ ከ24ቱ 3 ሽምብራ። እናት ስድስተኛ፤ 4 ሽምብራ። የቀረው 17 የልጆቹ ነው፤ ወንድ እንደ ሁለት ሴት። ሁለት ወንድ አራት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ፣ በድምሩ አምስት እጅ።

17 ሽምብራ ለአምስት አይካፈልም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጣላል። ዘዴው ግን ጥንት የተሠራ ነው። ሁሉንም በአምስት አባዙት። 24ቱ 120 ሆነ። ሚስት 15፣ እናት 20፣ ልጆቹ 85። 85 ለአምስት 17 ይደርሳል። ሴቷ 17፣ እያንዳንዱ ወንድ 34። ደምሩት፤ 120 ይመጣል። አንዲት ሽምብራ አልተረፈችም፣ አልጎደለችም። ይህን መጀመሪያ ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ኡስታዝ ናቸው። በመስጊድ ደጃፍ ኩታቸውን ዘርግተው ነበር የቆጠሩልኝ። ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ብር አምጡት። ቤቱ፣ ጀልባውና ባንክ ያለው ሁሉ ተደምሮ 2,400,000 ብር ነው እንበል። አንዷ ሽምብራ 20,000 ብር ሆነች። ሚስት 300,000፣ እናት 400,000፣ ሴት ልጅ 340,000፣ ወንዶቹ እያንዳንዳቸው 680,000።

ይኼው ቤተሰብ መደበኛ ፍርድ ቤት ቢሄድስ? የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። ንብረቱ በሙሉ በትዳር ውስጥ የመጣ ከሆነ ሚስት መጀመሪያ ግማሹን፣ 1,200,000 ብር፣ የራሷ ስለሆነ ትወስዳለች። የቀረው 1,200,000 ብቻ ነው ውርስ የሚባለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ እያንዳንዳቸው 400,000። ያለ ኑዛዜ ከሆነ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። የሟች እናትም ልጆች እስካሉ ድረስ ምንም አታገኝም።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ሴት ልጅ በመደበኛው 60,000 ብር ትጨምራለች። አሮጊቷ እናት ግን በመደበኛው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ በሸሪዓው 400,000 አላቸው። ሚስት በመደበኛው 1,200,000፣ በሸሪዓው 300,000። «ሸሪዓ ሴትን ይጎዳል» ወይም «ሸሪዓ ለሴት ይሻላል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የትኛዋን ሴት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አያትየዋን ነው? ልጅቷን ነው? ሚስትየዋን ነው?

ስለ ሚስት ድርሻ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በእስልምና ሕግ የባል ገንዘብ የባል ነው፣ የሚስትም የሚስት። ስለተጋቡ ብቻ የጋራ አይሆንም። ይህ ማለት ግን የለፋችበትን ታጣለች ማለት አይደለም። ሱቁን በራሷ ገንዘብ ወይም ከባሏ ጋር ሸሪክ ሆና ከሠራች ድርሻዋ መጀመሪያውኑ የእሷ ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። ችግሩ ማስረዳት አለባት። ከላይ ባለው ምሳሌ ሚስት ግማሹ የእሷ እንደሆነ ብታስረዳ 1,200,000ውን ታስቀራለች። ከቀረው ደግሞ ስምንተኛዋን፣ 150,000 ብር፣ ትጨምርበታለች። በድምሩ 1,350,000 ይሆናል። ከመደበኛው ይበልጣል ማለት ነው።

እናቴ ይህን ማንም አልነገራትም። ለዓመታት ከእሳት ዳር ቆማ ዓሣ የጠበሰችበት ገንዘብ በዚያ ሱቅ ግድግዳ ውስጥ አለ። አልተናገረችም፤ ሱቁ እንዳለ የአባቴ ተብሎ ተቆጠረ። ከ24ቱ ሽምብራ 16ቱ የእኔና የእህቴ ሆነ፣ ምክንያቱም ሁለት ሴቶች ያለ ወንድም ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳቸዋል። ለእናቴ 3። የቀረው 5 ወንድ ልጅ ስለሌለ የአጎቴ ሆነ። ስለዚህ ሚስት የሆነች ሁሉ፣ በሸሪዓ ለመዳኘት ከፈለገች፣ ያዋጣችበትን ማስረጃ ይዛ ትግባ። የዕቁብ ደብተር፣ የባንክ ወረቀት፣ አሸዋና ሲሚንቶ ሲገዛ ገንዘቡን ስታወጣ ያየ ጎረቤት። የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ይጻፍ። በኋላ ማስገባት ከባድ ነው።

መህሯም አይረሳ፤ ባል ለሚስቱ በጋብቻ የሚሰጣት ስጦታ ነው። በኒካሁ (በጋብቻ ውሉ) ቀን በቃል ተቀጥሮ ያልተከፈለ መህር ካለ የባል ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ከውርስ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የከፈንና የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ቀጥሎ ኑዛዜ፣ መጨረሻ ውርስ። ሽምብራ መቁጠር የሚጀመረው ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው። ወንድማማቾች ዕዳውን ሳይከፍሉ ቤት ሲካፈሉ አይቻለሁ፤ አበዳሪው ሲመጣ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈርሳል።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ታሪክ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ቤተሰብ ሲነጋገር አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ የአላህ ቃል ነው፣ አትጠይቁ!» ይላል። ከሚለው ውስጥ የትኛው ቁርኣን እንደሆነ፣ የትኛው የሊቃውንት ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው የመንግሥት አዋጅ እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ሦስቱ አንድ ላይ ተሸምነው ነው የሚመጡት።

ስምንተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሁለት ሦስተኛው ከቁርኣን ነው። እዚያ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ቁርኣን ያላነሣው ጉዳይ ገና በሰሓቦች፣ በነቢዩ ባልደረቦች፣ ዘመን መጣ። አንዲት ሴት ባሏንና ሁለት እህቶቿን ትታ ሞተች። ባል ግማሽ አለው፣ እህቶች ሁለት ሦስተኛ። ደምሩት፤ ከአንድ ይበልጣል። ሽምብራው አይበቃም። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ሰሓቦችን አማከሩ። ከስድስት ይካፈል የነበረውን በሰባት አደረጉት። ባል ሦስት፣ እህቶች አራት። የሁሉም ድርሻ በልኩ ቀነሰ። ይህ ዘዴ «ዐውል» ይባላል። ኢብኑ ዐባስ በኋላ አልተስማሙበትም። በነቢዩ ጊዜ ቅርብ የነበሩ ሰዎች እንኳ ተነጋግረው፣ ተለያይተው ነው የሠሩት። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል። ለማንም ሳያዳሉ ጉድለቱን ለሁሉም አካፈሉት።

ከዚያ መዝሀቦቹ፣ በሊቃውንት ስም የሚጠሩት የሕግ መንገዶች፣ መጡ። አቡ ሐኒፋ እ.ኤ.አ. በ767 ሞቱ፣ ማሊክ በ795፣ ሻፊዒ በ820፣ አሕመድ ኢብን ሐንበል በ855። ሻፊዒ የሕግ ምንጮችን በሥርዓት አስቀመጡ፦ ቁርኣን፣ ሱና፣ የሊቃውንት ስምምነት፣ ማመሳሰል። በአገራችን ሻፊዒ፣ ሐነፊና ማሊኪ አሉ። ይህ የሚጠቅማችሁ ለምሳሌ በጋብቻ ነው። በሻፊዒ ሴት ያለ ወሊይ (እሷን ወክሎ የሚድራት ወንድ ዘመድ) ኒካሕ ማሰር አትችልም። በሐነፊ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ ልትዋዋል ትችላለች። ስለዚህ «በየትኛው መዝሀብ ነው የሚያዩት?» ብላችሁ ቃዲውን መጠየቅ ነውር የለውም። እኔ የማውቃቸው ቃዲዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ መንግሥታት ገቡበት። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 መጀለ የሚባለውን ሕግ በአንቀጽ በአንቀጽ አወጡ፤ 1,851 አንቀጽ አለው። ቱርክ በ1926 ሸሪዓን ጥላ የስዊስን ፍትሐ ብሔር ወሰደች። ግብፅ በ1955 የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቿን ዘጋች፤ የቤተሰብ ሕጉ ግን በመደበኛ ዳኞች እጅ እንደቀጠለ ነው። ቱኒዚያ በ1956 ከአንድ በላይ ማግባትን ከለከለች። ሞሮኮ የቤተሰብ ሕጓን በ2004 አደሰች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 170 የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አስቀምጣለች፤ ሁሉም ተከራካሪ ሙስሊም ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ከተገዛ። ግሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ ሙስሊም ባል ንብረቱን ለሚስቱ በኑዛዜ ሰጠ። እህቶቹ ሸሪዓ አይፈቅድም አሉ፣ ፍርድ ቤቱም ለእነሱ ፈረደ። በ2018 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ለመበለቲቱ ወሰነ። በዚያው ዓመት ግሪክ ራሷ ሸሪዓን በፈቃድ ብቻ አደረገችው። የፈቃድ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም።

የእኛስ? በ1934 ዓ.ም. የሙስሊም ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ታወቁ። በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችና የበታቾቻቸው የናኢባዎች ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሲወጣ ለሙስሊሞች ጋብቻና ውርስ የተለየ ምዕራፍ ይኖረዋል ተብሎ ነበር፤ አልገባም። ፍርድ ቤቶቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ሕጉ ሳያውቃቸው፣ መንግሥት ሳይዘጋቸው ዓመታት አለፉ። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቦታ አላቸው። ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ሰው እንደለፋ የሚያውቅ ሰው፣ ያላወቀች እናት አውራ ጣት ላይ ቀለም ቀብቶ አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ ለእጃችሁ የምትጠቅም አንዲት ነገር አለች፤ የሙት ልጆች ነገር። አያት እያለ አባት ከሞተ፣ ሌላ ወንድ ልጅ ካለ፣ የልጅ ልጆች በሸሪዓ ከአያታቸው አይወርሱም። አጎታቸው ይጋርዳቸዋል። በፍትሐ ብሔሩ ግን በአባታቸው ቦታ ገብተው ይወርሳሉ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1946 ሕግ ቁጥር 71 መፍትሔ አበጀች። አያት ባይናዘዝም እንደ ተናዘዘ ተቆጥሮ እስከ ሢሶ ድረስ ይሰጣቸዋል። ፓኪስታን በ1961 በአባታቸው ቦታ አስገባቻቸው። በእኛ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። መፍትሔው በአያት እጅ ነው፤ በሕይወት እያሉ ኑዛዜ መጻፍ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐጂ መጡ። ከዘራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመው «ልጄ፣ የሟች ልጄን ልጆች አንቺ ጋ ላስመዝግባቸው» አሉኝ። ሦስት ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ የትንሿን ስም ሁለት ጊዜ። ለእንዲህ ዓይነቱ ኑዛዜ ምክሬ ይኸው ነው። ከሢሶ አይለፍ፤ ሸሪዓው ከዚያ በላይ ያለ ወራሾች ፈቃድ አያጸናም። ለወራሽም አይሁን፤ የልጅ ልጆቹ ወራሽ ስላልሆኑ ለእነሱ ይቻላል። ሸሪዓው ሁለት ምስክር ይበቃዋል፤ የፍትሐ ብሔሩ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ይህም እንዲጻፍበት፣ ወዲያው እንዲፈረም ይፈልጋል። ስለዚህ አራት ምስክር አድርጉ። ነገ ልጆቹ በየትኛውም በር ቢገቡ ወረቀቱ ይቆማል። ሐጂም አራት ጎረቤት ይዘው በማግሥቱ መጡ።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ አልቆይም። የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት አውጡ። የኒካሕ ወረቀት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሁሉም ወራሾች መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ የዕዳ ዝርዝር ያዙ። ወራሾቹን የሚያውቁ ምስክሮች ይኑሩ። የገጠር መሬት ካለ የራሱ አዋጅ ስላለው መጀመሪያ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ማንም ወራሽ፣ ሩቅ አገር ያለችም እህት ብትሆን፣ ከዝርዝሩ አትቀር። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ካሉ ስለ እነሱ የሚናገረው ሞግዚት ማን እንደሆነ እዩ፤ ራሱ ከውርሱ የሚጠቀም ሰው ከሆነ ተጠንቀቁ።

ፈቃዱን ስጽፍ ሁልጊዜ ሙሉ አድርጌ ነው፦ «እኔ የሟች ሚስት፣ ይህ የውርስ ጉዳይ በመደበኛ ፍርድ ቤትም ሊታይ እንደሚችል ተረድቼ፣ በሸሪዓ ሕግ እንዲዳኝ በነጻ ፈቃዴ ተስማምቻለሁ።» ለማትፈልግ ሴት ደግሞ፦ «ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልተስማማሁም፤ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት እንዲተላለፍልኝ እጠይቃለሁ።» ሁለተኛውን የጻፈች ሴት ከሃይማኖቷ የወጣች የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሕጉ የሰጣትን መብት ነው የተጠቀመችው። ጽሑፉን ለደንበኛዬ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ከዚያ ዘግቼ «ምን አልኩ?» እላታለሁ። በራሷ አፍ ካልነገረችኝ አላስፈርማትም።

የማይከፈል ዕቃ ካለስ? ጀልባ በ24 አይሰነጠቅም። ወይ ሸጣችሁ ብሩን ተካፈሉ፣ ወይ አንዱ ወስዶ ለሌሎቹ ይክፈል፣ ወይ የጋራ አድርጋችሁ ገቢውን በድርሻ ውሰዱ። አንድ ወራሽ በተስማማበት ብር ከውርሱ መውጣትም ይችላል፤ በፊቅህ፣ በእስልምና የሕግ ትምህርት፣ «ተኻሩጅ» ይባላል። ግምቱን ግን ለሟች ዘመድ ያልሆነ ሰው ይገምት።

ውሳኔ ሲነበብ ግልባጭ ሳትይዙ አትውጡ። የይግባኝ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ እዚያው መዝገብ ቤት ጠይቃችሁ በወረቀቱ ጀርባ ጻፉት። ይግባኙ ወደ በላዩ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ካላችሁ ደግሞ የሰበር መንገድ አለ።

በቅርቡ አንዲት እናት ከሐይቁ ማዶ በጀልባ መጡ። ልጃቸው ሞቶባቸው ነው፤ ሚስትና ልጆች ትቷል። እኔ ጋ ሦስት ቀን ተመላለሱ። ሽምብራውን ከከረጢቴ አውጥቼ ቆጠርንላቸው። 4ቱን በእጃቸው ይዘው «ይኼ የኔ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። የምራታቸውን 3 አይተው ዝም አሉ። ቆይተው «እሷም'ኮ መረብ እየጠገነች አብራው ለፍታለች» አሉ። ምራትየዋን ጠርተን የእሷን ድርሻ በማመልከቻው ላይ አስቀድመን ጻፍነው።

የቀጠሯቸው ቀን አብሬያቸው ገባሁ። ቃዲው መዝገቡን ገልጠው «ተስማምታችኋል?» አሉ። እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«በምኑ ላይ ነው፣ ቃዲ?»

ቃዲው ብዕራቸውን አስቀመጡና ከመጀመሪያው ጀምረው ማስረዳት ጀመሩ።